ደስ ባለሽ ጊዜ፣ እመቤቴ

ዊሎው ኩሌ፣ አልበርታ
ሚያዝያ 14 ቀን 1984 እ.ኤ.አ.

ለምወድህ ለኬንት፣

ይህ ደብዳቤ በደህና ያግኝህ፤ ባሕሩም የምትሠራበት ብረትም ይራሩልህ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ነፋሱም ጣሪያውን እስካሁን አላነሳውም፤ ስለዚህ ተመስገን ማለት ይገባል። ላሞቹ ወልደዋል። በረዶው ከጋጣው ጀርባ ካለው በቀር አልቋል። ጎረቤታችን ስታን ፓሹክ ሰላም ብሎሃል። ማለቴ፣ ሰላም እንዳልልህ አልከለከለኝም።

አጎትህ ዙሪያ ጥምጥም አይወድም ነበርና ወደ ነገሩ ልግባ። እርሻውን ልለቅ ነው። መሬቱንም ላሞቹንም ስታን ይይዛቸዋል። እኔ በጥቅምት አጋማሽ ተራራውን ተሻግሬ እህቴ ዶሪን ዘንድ እገባለሁ። ከቤቷ ጀርባ ጥሩ መስክ አላት፤ የፖም ዛፍ ጥላ ያለው። "ባዝራሽንም ይዘሻት ነይ" ብላኛለች።

ችግሩ ባዝራዋ ቲሊ መኪና የሚጎትተው ተሳቢ ውስጥ አትገባም። አጎትህ ከሞተ ጀምሮ፣ የፈረስ ተሳቢ ገና ከሩቅ ስታይ ላብ ያጠምቃታል። የድሮውን ሸጬ ሌላ ገዛሁ፤ ቀለሙም ሌላ ሽታውም ሌላ ነው። ለእሷ ግን ያው ነው። የእንስሳት ሐኪሙ የሚያደነዝዝ መርፌ ወጋት። እግሯ እየተሳሰረ እንዳስገባናት ባነነችና በሩን ነቅላ ወጣች። ሐኪሙም "ቬርና፣ ለዚህ ነገር ሁለተኛ እንዳትጠሪኝ" ብሎኝ ሄደ። በእግሯ እንዳልወስዳት መንገዱ የከባድ መኪና መንገድ ነው፤ እኔም የትናንት ልጅ አይደለሁም።

ስታን ሐሳቡን እንደ ልማዱ በአጭሩ ነገረኝ። "ተሳቢ ላይ የማይጫን ፈረስ ፈረስ አይደለም። ለሥጋ ገዢ ልሽጣት ብትዪ እንኳ መጀመሪያ መጫን አለባት። ጥቅምት ሲደርስ ከኮረብታው ጀርባ ወስጄ በአንድ ጥይት እገላግልሻለሁ። አታዪም፣ አትሰሚም።" በደግነት ነው ያለው። ያስጠላኝም ደግነቱ ነው።

ኬንት፣ ይህችን ባዝራ አጎትህ ኦርቪል ከውርንጭላነቷ ጀምሮ በእጁ ያሳደጋት ናት። አንተም ከሄድክ ወዲህ፣ ከእሱ የቀረኝ የሚተነፍስ ነገር እሷ ብቻ ናት። ስለዚህ የምጠይቅህ ገንዘብ አይደለም። አጎትህ እንዴት ነበር የሚያስገባት? እኔ ሁልጊዜ ወጥ ቤት ነበርኩ። መስኮቱ ደግሞ ወደ መንገዱ እንጂ ወደ በረቱ አያሳይም። አጠገቡ የነበርከው አንተ ነህ።

የምትወድህ አክስትህ
ቬርና


አበርዲን፣ ስኮትላንድ
ሰኔ 22 ቀን 1984

ክብርት አክስቴ ወይዘሮ ቬርና፣

ለጤናዎ እንደምን ከርመዋል? ጉልበትዎን ፈጣሪ ያበርታልዎት። እኔ ደህና ነኝ። ደብዳቤዎ የደረሰኝ ዘግይቶ ነው። የምንሠራው ባሕር መሃል በቆመ የነዳጅ ማውጫ ብረት ላይ ስለሆነ፣ ጉም ሲኖር ሄሊኮፕተሩ አይመጣም፤ ፖስታም አይመጣም።

ስለ ባዝራዋ፣ ስታን ያለው ልክ ይመስለኛል። እርስዎ በዚህ ዕድሜዎ ከእንዲህ ያለች ፈረስ ጋር መታገል የለብዎትም። ለሚያስፈልግዎት ነገር እንዲሆን ቼክ አብሬ ልኬያለሁ። ወይዘሮ ዶሪን ዘንድ ሲደርሱ ሌላ ጸባየኛ ፈረስ ይግዙበት።

አጎቴ እንዴት ያስገባት እንደነበር አላስታውስም። ምግባችን ጥሩ ነው። ልብስም አልቸገረኝም።

አክባሪዎ
ኬንት


ዊሎው ኩሌ
ሐምሌ 9 ቀን 1984

ኬንት፣

እግዚአብሔር ይጠብቅህ፤ ቁጣዬም ባሕሩን ሳይሻገር ይብረድልህ።

"ክብርት ወይዘሮ" ማን ናት? ደብዳቤው ለከንቲባዋ የተጻፈ መስሎኝ ፖስታውን ገልብጬ አየሁት። አባትህ ከነሻንጣህ አምጥቶ ካስረከበን ቀን ጀምሮ አፍንጫህን የጠረግኩልህ እኔ ነኝ። ሳትሄድ በፊት "አንቺ" ነበርኩ፤ "አንቺ ቬርና፣ ካልሲዬን የት ጣልሽው?" ስትለኝ ነው የኖርከው። ባሕር ሲሻገሩ ነው እንዴ "እርስዎ" የሚኮነው? ቼክህን ይኸው መልሼልሃለሁ። ስለ ጉሙ ደግሞ፣ ስኮትላንድ ሁለት ወር ሙሉ ጉም ከሆነ አገሩ ያሳዝናል።

አላስታውስም ያልከውን አላመንኩህም። አጎትህ ሲያስነጥስ እንኳ እንዴት እንደሚያስነጥስ የምታውቅ ልጅ ነህ።

እስኪ ያለ አንተ የሆነውን ስማ። ባለፈው ቅዳሜ ስታን ከነወንድሙ መጣ። ረጅም ገመድ ከኋላዋ አዙረው አንዱ በቀኝ አንዱ በግራ ይጎትቱ ጀመር። እኔ ፊቷ ቆሜ ልባቧን ይዣለሁ። "አንቺ ሳቢ፣ እኛ እንገፋለን!" ይለኛል ስታን። ቲሊ መጀመሪያ ተንቀጠቀጠች፤ ቀጥሎ ቀጥ ብላ በኋላ እግሯ ቆመችና ጭንቅላቷን ከተሳቢው ጣሪያ ጋር አጋጨችው። ደሙ በዓይኗ ላይ ወረደ። "እንደገና!" አለ ስታን። "እንደገና ብትል በገመዱ አንተን ነው የማስርህ" አልኩት። ወንድሙ ሲስቅ ስታን ተናደደ። "ቬርና፣ እልህ ነው የያዘሽ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም" አለኝ። "ሞኝስ እሺ፣ ወረቀቱ ማነው?" ብዬ አባረርኳቸው። ከሄዱ በኋላ አንገቷ ላይ ተደግፌ አለቀስኩ። ደሟ ሹራቤ ላይ ደረቀ።

አንድ ነገር ይላት ነበር። ከወጥ ቤት ድምፁ ይሰማኝ ነበር፤ ቃሉ ግን አይለይም። እባክህን ቃሉን ንገረኝ። ጥቅምት ቅርብ ነው።

አክስትህ


አበርዲን
ነሐሴ 17 ቀን 1984

ውድ አክስቴ፣

ጤና ይስጥልኝ። የባዝራዋ ቁስል እንዳያመረቅዝ በጨው ውሃ ይጠቡት።

አስታውሳለሁ። ሁሉንም አስታውሳለሁ። አላስታውስም ያልኩት ማስታወሱ ስለማይጠቅመኝ ነው።

አጎቴ ተሳቢውን ፀሐይ ላይ ነበር የሚያቆመው፤ የፊቱን ትንሽ በርም ይከፍተዋል። "ጨለማ ጉድጓድ ውስጥ ግቢ ሲሏት ለምን ትገባለች? እኔስ እገባለሁ?" ይል ነበር። ከዚያ ራሱ ይገባና ባልዲ ገልብጦ ይቀመጣል፤ እርስዎ የሠሩለትን የሽንኩርት ሳንድዊች ይበላል። ገመዱን ላላ አድርጎ ይይዛል እንጂ አይስብም፤ አያያትም። መግባት አለመግባቷ ግድ የማይሰጠው ይመስላል። ስትጠጋ "ደስ ባለሽ ጊዜ፣ እመቤቴ" ይላታል። ቃሉ ይኸው ነው። ሌላ ምንም የለም።

አንድ እግሯን ስታሳርፍ ገና ሳትፈራ እሱ ራሱ "በቃ፣ ውጪ" ብሎ ያስወጣታል። እንደገና ትገባለች፤ እንደገና ያስወጣታል። መውጫው የእሷ መሆኑን ካወቀች መግቢያውን አትፈራም ይል ነበር። መጨረሻ ላይ ከኋላዋ የሚዘጋውን ብረት ይቀረቅራል፤ የተሳቢውን ጎን በመዳፉ ሁለት ጊዜ ያንኳኳል፤ እኔ መኪናውን አስነሳለሁ። ይህን እርስዎም ያውቁታል። በእኛ አገር ልጅ አባባ ሳይል የሚያውቀው ነገር ነው፤ ሁለት ጊዜ ከተንኳኳ፣ ተጭኗል፣ ሂድ ማለት ነው።

አጎቴ በሞተበት ቀንም ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። ሰምቼ ነው የነዳሁት። ብረቱ ግን አልተቀረቀረም ነበር፤ መኪናው ሲነሳ ቲሊ ወደ ኋላ ተወርውራ እሱ ላይ ወደቀች። ጓንቶቹ ሁለቱም መቀርቀሪያው ላይ ተቆንጥጠው ተገኙ። "ሁለት እጁ እዚያ ከነበረ ማን አንኳኳ?" አሉኝ። ስታን፣ ልጁ ሬዲዮ ከፍቶ ሳይንኳኳለት ነዳ ብሎ ለሰው ሁሉ ነገረ። ሬዲዮው ዝግ ነበር። እርስዎ ምንም አላሉም።

እዚህ ማዕበሉ ከታች ብረቱን ሲመታው ይጮኻል። ሌሎቹ ለምደውታል። ባለፈው ሳምንት ክሬኑን ይዤ ሳለሁ ሁለት ጊዜ ሰማሁና እጄን ከመዘውሩ አነሳሁ። ጭነቱ ሰዎች አናት ላይ ተንጠልጥሎ ቀረ። አለቃችን ማክሊሽ "ምን ነካህ አንተ?" ብሎ ጮኸብኝ። "ማነው ያንኳኳው?" አልኩት። ማንም አላንኳኳም። እኔ ግን ሰምቼ ነበር፣ አክስቴ። ያን ቀንም፣ አሁንም።

አክባሪዎ
ኬንት


ዊሎው ኩሌ
መስከረም 20 ቀን 1984

ልጄ ኬንት፣

ሰላምና ምሕረት ባለህበት ይደርብህ።

ለደብዳቤህ መጨረሻ ምን ብዬ እንደምመልስ ሳስብ ሰነበትኩ። አላወቅኩትም። ስለዚህ ስለ ቲሊ ልጻፍልህ።

ባልዲውን ገልብጬ ተቀመጥኩ። ጉልበቴ አልወደደውም። ሽንኩርት ሆዴን ስለሚነፋኝ ዳቦና አይብ በላሁ። ዝም ብሎ መቀመጥ ሲሰለቸኝ የገበሬዎቹን ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነብላት ጀመር። ወሬው ወዲያው ተዛመተ። ስታን አጥሩን ተደግፎ "ለፈረስ ጋዜጣ ታነቢያለሽ አሉ" አለኝ።

"ካንተ ይልቅ ታዳምጣለች።"

"የከብት ዋጋ መውደቁን ነግረሻት ከሆነ፣ አለመግባቷ አይገርምም።"

ሳቅኩ፣ ኬንት። ከስንት ጊዜ በኋላ። ድምፄን ስትሰማ ቲሊ ጆሮዋን አቆመችና የፊት እግሯን መወጣጫው ላይ አሳረፈች። "በቃ፣ ውጪ" አልኳት። ግራ ገብቷት አየችኝ። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል ይላሉ፤ እኔ እንቁላሉን መጠበቅ ይቀለኝ ነበር። ግን አሁን ሙሉ በሙሉ ትገባለች። አጃዋን ጨርሳ፣ እኔ ስላት ነው የምትወጣው። ከኋላዋ ግን ገና አልዘጋሁም። እጄ እንቢ ይለኛል።

የሚያስፈራኝን ለአንተ ካልነገርኩ ለማን እነግራለሁ? ውስጥ ስትቆም አንገቷን አዙራ ከኋላ የመቀርቀሪያውን ጎን ታያለች። ሰው እንደምትጠብቅ ሁሉ ጆሮዋ እዚያው ይቀራል። እዞራለሁ፤ ምንም የለም። ትናንት ሺኑክ የሚሉት ሞቃት ነፋስ ከተራራው ወርዶ ሣሩን ሲያስተኛው፣ "ደስ ባለሽ ጊዜ፣ እመቤቴ" ስል ድምፄ የኦርቪልን መሰለኝ። ባልዲውን ትቼ ወጣሁ። ወጥ ቤት ገብቼ በሩን ዘጋሁት፤ በቀትር።

ዝም አይነቅዝም ይላሉ። የእኔ ዝምታ ግን ነቅዟል፣ ኬንት። ሌላውን ስንገናኝ።

አክስትህ ቬርና


አበርዲን
ጥቅምት 2 ቀን 1984

ውድ አክስቴ፣

በአስቸኳይ የተጻፈ ነውና ሰላምታው ይቅር። ይህ እንዲደርስዎት ፈጣሪን እለምናለሁ።

ማንም እንዳያንኳኳ። የሚነዳው ሰው በመስታወት ሳይሆን በዓይኑ ፊትዎን በመስኮቱ ሳያይ እንዳይነሳ፤ ያስምሉት። ብረቱን ሲቀረቅሩ ከኋላዋ አይቁሙ። በጎን ሆነው እጅዎን ብቻ ይላኩ። በጎን ቁሚ፣ አክስቴ፣ እባክሽ በጎን ቁሚ።

ኬንት


ዶሪን ቤት፣ ከተራራው ማዶ
ጥቅምት 19 ቀን 1984

የልጅ ያህል የማይህ ኬንት፣

ያተረፈን አምላክ የተመሰገነ ይሁን። ይህን ለወግ ብዬ አይደለም የጻፍኩት፤ አንብበህ ስትጨርስ ይገባሃል።

ደብዳቤህ የደረሰኝ ከመሄዴ አንድ ቀን በፊት ነው። በጭንቅህ "ቁሚ" አልከኝ። ያቺን ቃል ደጋግሜ አነበብኳት።

ጠዋት ነበር፤ ፀሐይ ወጥቷል። ሊነዳልን የተስማማው ስታን ነው። አስማልኩት። "ፊቴን በመስኮትህ ሳታይ እንዳትነሳ። ማንም አያንኳኳም።" ዓይኑን ወደ ሰማይ አንከባለለ። "የጠመንጃዬን ዘይት በከንቱ ነው የጨረስኩት? እሺ፣ ፊትሽን ሳላይ አልነሳም። ማየቱን እንጃ እንጂ" አለኝ።

ቲሊ እንደ ንግሥት ገባች። አንድ ጊዜ አሸተተችና ገባች። ስታን ራሱ አፉን ከፍቶ ቀረ። ሄዶ መሪው ጋ ተቀመጠ፤ ሞተሩን አስነሳ። እኔ በጎን ቆምኩና ብረቱን መቀርቀር ጀመርኩ። አዲሱ መቀርቀሪያ ጠንካራ ነው፤ ጣቶቼ ደግሞ ያው የአሮጊት ጣቶች ናቸው። ዘገየሁ። ሁለት እጄን ይዤ ስታገል፣

ሁለት ጊዜ ተንኳኳ።

የመዳፍ ድምፅ ነው፣ ኬንት። ልክ እንደ እሱ። ለቅጽበት ኦርቪል ከጎኔ የቆመ መሰለኝና ዞርኩ። ዞሬ ሳልጨርስ መኪናው ተነሳ።

ብረቱ ከእጄ አምልጦ እኔ ልቆምበት በነበረው ቦታ ላይ ተወርውሮ አለፈ። እኔ በቂጤ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ቲሊ ወደ ኋላ ተንሸራታ የኋላ እግሮቿ መወጣጫው ላይ ወጡ፤ የዓይኗ ነጩ ብቻ ይታያል። እኔ ስጮኽ ስታን ፍሬን ያዘ። ሁሉም ነገር ቆመ። አለቀ፣ ወጥታ ትሮጣለች፣ ከእንግዲህ በሕይወት ዘመኗ አትገባም አልኩ። ጥይቱ ታየኝ። ሌላ የማደርገው ስላልነበረኝ፣ ከተቀመጥኩበት "ደስ ባለሽ ጊዜ፣ እመቤቴ" አልኳት።

ረጅም ትንፋሽ ተነፈሰች። አንድ እግሯን አነሳች፤ ሌላውን አስከተለች። ራሷ ገባች።

ተነስቼ ብረቱን ቀረቀርኩ። ስታን እየሮጠ መጣ፤ ፊቱ አመድ መስሏል። "ቬርና! አንኳኳሽ እኮ! ሰማሁሽ! ፊትሽን እንደማይ አውቃለሁ፣ ምያለሁ፤ እግሬ ግን ድምፁን ሲሰማ ራሱ ሄደ!"

ሁለት እጄን አነሳሁለት። ጓንቶቹ በመቀርቀሪያው ቅባት ጠቁረዋል። "እጄ እዚህ ነበር፣ ስታን" አልኩት።

"ታዲያ ማን..."

ያኔ ከውስጥ ሁለት ጊዜ ተንኳኳ። በትንሹ በር ሄደን አየናት። የፊት ኮቴዋን አንስታ ግድግዳውን ሁለት ጊዜ መታች፤ ከዚያ አንገቷን አዙራ ጠበቀች። ኦርቪል ካንኳኳ በኋላ ነው መንገድ የሚጀመረው። እሱ መቼም ዘግይቶባት አያውቅም ነበርና እሷ ማንኳኳቷን ማንም አላየም። ያን ቀን ግን የድሮው መቀርቀሪያ ዝጎ አስቸገረው፤ ሲዘገይባት እሷ አንኳኳችለት። አጎትህ ሳያውቅ ያስተማራት ነው። ክፋት የለባትም።

ስታን ባርኔጣውን አወለቀ። "ልጁ..." አለ።

"አዎ፣ ልጁ" አልኩት።

ተራራውን አሻገረን። ሲመለስ የከብት መኖ መሸጫው ጋ፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ "ስለ ኬንት የተናገርኩት ውሸት ነው። እኔም ራሴ ነድቻለሁ" ማለቱን ጽፎልኛል። እሱ ደብዳቤ ሲጽፍ ይህ የመጀመሪያው መሆን አለበት፤ የኔን ስም እንኳ አሳስቶታል።

እኔስ? ሬዲዮው ዝግ እንደነበር አውቅ ነበር፤ ያን ቀን ሞተሩን ያጠፋሁት እኔ ነኝ። አንድ ቃል ብናገር ይበቃ ነበር። የምጠላው ሰው ስለቸገረኝ ዝም አልኩ፤ አንተም ዝምታዬን ይዘህ ባሕር ተሻገርክ። ብረቱ ሁለት ጊዜ ሲመታ ከእንግዲህ አትቁም። እሱ አልነበረም። አንተን የጠራህ ሙት የለም፤ ፈረስ ናት።

ቲሊ የፖም ቅጠል ትበላለች። አጃዋ ሲዘገይ የዶሪንን አጥር ሁለት ጊዜ ትመታለች፤ ዶሪን "ማነው?" ብላ በሩን ትከፍታለች። ምንም አልጠይቅህም። አልጋ አለ።

አክስትህ፣ ያም ከበዛ ቬርና


አበርዲን
ኅዳር 6 ቀን 1984

አክስቴ፣

ደብዳቤሽ ደረሰኝ። የክሬኑ ጓዳ ውስጥ አነበብኩት፤ ማክሊሽም ሳለቅስ አየኝ። ሥራውን ለቅቄያለሁ። ትኬት ቆርጫለሁ።

ማታ ልደርስ እችላለሁና እንዳትደነግጪ አስቀድሜ ልንገርሽ። ስመጣ በሩን አላንኳኳም። በመስኮቱ በኩል ቆሜ እጠብቃለሁ፤ ፊቴን ስታዪ ክፈቺልኝ። ደስ ባለሽ ጊዜ።

ኬንትሽ